ባለታንኳ አውሮፕላን፦ በሬዲዮ ስለሚመሩ ትናንሽ የባሕር አውሮፕላኖች ስያሜ

የሙያ ቃል የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የሚሰየመውን ነገር አሠራር ማወቅ እንዳለበት ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ሆኖም ይህ ምክር በተግባር ሲፈተን እምብዛም አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ምክሩን ለመፈተን የመረጥነው መስክ ለአንዳንድ አንባቢ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ እርሱም ባለቤቱ ዳር ቆሞ በሬዲዮ እየመራ ከውኃ ላይ የሚያስነሣውና መልሶ ውኃ ላይ የሚያሳርፈው ትንሽ አውሮፕላን ነው። መስኩ ጠባብ ቢሆንም ለስያሜ ጥናት ሁለት ጥቅም ይሰጣል። አንደኛ፣ የአቪዬሽን፣ የመርከብና የሬዲዮ ሙያ ቃላት በአንድ ዕቃ ላይ ይገናኙበታል። ሁለተኛ፣ የተሳሳተ ቃል የሚያስከትለው ጉዳት ሳይውል ሳያድር በዓይን ይታያል፤ መመሪያውን አምኖ ያነበበ ጀማሪ ብዙ የደከመበትን ዕቃ ውኃ ውስጥ ይከተዋልና።

፩. የነገሩ መነሻ

ከውኃ ላይ በሞተር ኃይል ተነሥቶ በመብረር ቀዳሚው ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋብር ነው፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1910 በማርሴይ አቅራቢያ ባለው በቤር ሐይቅ ነበር። በተከታዩ ዓመት በጃንዋሪ ወር አሜሪካዊው ግሌን ከርቲስ በሳን ዲዬጎ ባሕር ላይ ተመሳሳይ በረራ አደረገ። ዕቃን ከሩቅ በሬዲዮ የመምራት ሐሳብ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ በሬዲዮ የምትመራ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳይቷል። ሁለቱን ሐሳቦች ማለትም በራሪ ዕቃንና ሬዲዮን ካገናኙት ቀደምት ሰዎች መካከል አሜሪካውያኑ መንትያ ወንድማማቾች ዋልተርና ዊልያም ጉድ ይገኙበታል፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ያበረሩት አውሮፕላን ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል።

ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው የሚዘወተረው በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሐይቆች ላይ ነው። ከሚወደዱት አምሳያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ቢቨር የተባለው የካናዳ አውሮፕላን ነው፤ መንገድ በሌለበት የሰሜን አገር ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እየተመላለሰ ሰውና ዕቃ ሲያደርስ የኖረ ነው። የትንንሾቹ አብራሪዎች ቀድሞ 27 ወይም 72 ሜጋኸርዝ በመሳሰሉ ሞገዶች ይጠቀሙ ስለ ነበር፣ ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ ከተገናኙ አንዱ አውሮፕላን መውደቁ አይቀርም ነበር። አሁን የተለመደው 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ አስተላላፊውና ተቀባዩ አስቀድመው ስለሚጣመሩ የሌላውን ሰው ትእዛዝ አይቀበሉም። ይህን ሥራ እንግሊዝኛው «ማሰር» በሚል ፍቺ ቃል ይጠራዋል። በአማርኛ ግን ማሰር ገመድን ወይም ሽቦን ያስታውሳል፤ እዚህ ደግሞ ሽቦ የለም። ስለዚህ «ማጣመር» የተሻለ ይመስለናል።

፪. ዕቃውን ስለ መሰየም

«ሞዴል» የሚለው ቃል በአማርኛ ቤተኛ ከሆነ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲሰማው ቀድሞ የሚያስበው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ነው። «አምሳያ» የሚለውን ብንወስድ የእውነተኛን አውሮፕላን መልክ ለሚከተሉት ይስማማል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የማንም አምሳያ ሳይሆኑ ለራሳቸው የተነደፉ ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላውን ወገን «ሞዴል አውሮፕላን»፣ የትልቁን መልክ የሚከተለውን ብቻ «አምሳያ» ብሎ መለየት ይቻላል።

«በሬዲዮ ቁጥጥር የሚደረግበት» የሚለው ትርጉም በየቦታው ይታያል። በአማርኛ ቁጥጥር መመርመርን፣ መከታተልንና ማገድን ያመለክታል፤ ሒሳብም፣ ኬላም፣ ፈተናም ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። እዚህ የተፈለገው ግን አቅጣጫን መስጠት ነው። ሾፌር መኪናውን «ይመራል» እንጂ «ይቆጣጠራል» ማለት ሌላ ነገር ነው። «በሬዲዮ የሚመራ» የሚለው አጭርም ትክክለኛም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የወገኑ ስም ነው። እንግሊዝኛ በሐይቅ ላይ የሚያርፈውንም «የባሕር» ይለዋል፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ «የውኃ» ብሎ ይሰይመዋል። በአማርኛ ባሕር የሚለው ቃል ሐይቅንም ስለሚያጠቃልል፣ በጣና ዳር ያለችውም ከተማ ባሕር ዳር ስለምትባል፣ «የባሕር አውሮፕላን» የሚለው ጠቅላላ ስም ማንንም አያሳስትም።

ችግሩ ከዚህ በታች ባሉት ክፍሎች ነው። አንዱ ዓይነት አካሉ ራሱ እንደ ጀልባ ሆኖ ውኃ ላይ ይቀመጣል፤ ይህን «በራሪ ጀልባ» ማለት ይቻላል። ሌላው ግን አካሉ ውኃ አይነካም፤ በመንኰራኵር ፈንታ በሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊዎች ላይ ይቆማል። ይህን «ተንሳፋፊ አውሮፕላን» ብለው የተረጐሙ አሉ። ነገር ግን በአማርኛ መንሳፈፍ የውኃ ብቻ አይደለም፤ ላባም፣ ጭስም፣ ጭልፊትም በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ «ተንሳፋፊ አውሮፕላን» የሚለውን የሰማ ሰው ሞተር የሌለውን፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ዓይነት ቢያስብ አይፈረድበትም።

እኛ «ባለታንኳ አውሮፕላን» የሚለውን እናቀርባለን። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ከውኃ ስለሚቀልል ነው፤ ጀልባ ግን የሚንሳፈፈው ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ ነው። ከአረፋ ፕላስቲክ የሚቀረጹት የሞዴል አውሮፕላን ተንሳፋፊዎች በዚህ ረገድ የታንኳ ወገን ናቸው። የትልልቆቹ አውሮፕላኖች ተንሳፋፊዎች ከብረት የተሠሩና ክፍት መሆናቸው እንደ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ታንኳ በተራው ሰው አነጋገር ማናቸውንም ትንሽ የውኃ ማቋረጫ ስለሚያመለክት ተቃውሞው ከባድ አይደለም። «ባለ» የሚለው መነሻም ባለሞተር፣ ባለክንፍ እንደምንለው ያለ ችግር ይገባል።

፫. ታንኳውና እርከኑ

ስለ ታንኳው መጠን የሚነገረው ደንብ ለተርጓሚ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን አውሮፕላን ለመንሳፈፍ አንድ ሊትር ውኃ መግፋት አለበት። በአሜሪካ ለትልልቆቹ አውሮፕላኖች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ደንብ ታንኳዎቹ ከሚያስፈልገው በላይ የ80 በመቶ ትርፍ እንዲኖራቸው ያዝዝ ነበር፤ በዚህ ልክ ለአንድ ኪሎ ግራም 1.8 ሊትር ይሆናል ማለት ነው። «80 በመቶ ትርፍ» የሚለውን «80 በመቶ» ብሎ ያሳጠረ ተርጓሚ አውሮፕላኑን ሳይነሣ አስጥሞታል።

የታንኳው ሆድ ለጥ ያለ አይደለም፤ ከአውሮፕላኑ የክብደት ማእከል ጥቂት ወደ ኋላ አለፍ ብሎ በድንገት ወደ ላይ የሚቆረጥ ደረጃ አለው። የዚህ ደረጃ ጥቅም ውኃው ከሆዱ ጋር ተጣብቆ እንዳይጐትተው ማድረግ ነው፤ ከደረጃው በስተኋላ አየር ስለሚገባ ታንኳው ከውኃው ይላቀቃል። ለዚህ «እርከን» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። የተራራ ገበሬ የሚሠራው እርከንም አንዱን መደብ ከሌላው የሚያላቅቅ ቁርጥ ነውና መልኩም ይቀራረባል።

እርከን የሚለው ቃል ከተገኘ በኋላ የመነሣቱን ሥርዐት በሦስት ግሦች መግለጥ ይቻላል። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ በዚህ ጊዜ አብራሪው የታንኳዎቹ አፍ ውኃ እንዳይጠልቅ አፍንጫውን ወደ ላይ ስቦ ይይዛል፤ ኃይሉንም ቀስ በቀስ ይጨምራል። ፍጥነቱ ሲያድግ ታንኳዎቹ ከውኃው ወጣ ብለው በእርከናቸው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ያን ጊዜ አብራሪው ስቦ የያዘውን ያላላል። በመጨረሻ አውሮፕላኑ ይነሣል። መንሳፈፍ፣ መንሸራተትና መነሣት የሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ስሞች ስለ ሆኑ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም። በመንሸራተት ላይ ያለ አውሮፕላን አፍንጫው መውጣትና መውረድ ቢጀምር እንግሊዝኛው ይህን በአንድ የባሕር እንስሳ ስም ይጠራዋል። እንስሳውን ለማያውቅ አንባቢ ስሙን ማስተላለፍ አይጠቅምም፤ «ጎንበስ ቀና ማለት» የሚለው አነጋገራችን ሁኔታውን አሟልቶ ይገልጠዋል።

፬. መሪዎቹ፣ የክንፍም መክዳት

አውሮፕላንን የሚያዞሩ ሦስት ተንቀሳቃሽ ገጾች አሉ። ጀርመንኛ ሦስቱንም «መሪ» በሚል አንድ ቃል ላይ መሥርቶ ሆኸንሩደር፣ ዛይተንሩደርና ክቬርሩደር ይላቸዋል፤ ትርጓሜያቸውም የከፍታ መሪ፣ የጎን መሪና የአግድም መሪ ማለት ነው። ይህ ሥርዐት ለአማርኛ በእጅጉ ይመቻል። በጅራቱ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚያዞረውን «የአቅጣጫ መሪ»፣ በክንፎቹ ዳር ሆኖ የሚያጋድለውን «የማጋደል መሪ»፣ ከታንኳው በስተኋላ ውኃ ውስጥ ገብቶ ቀስ ብሎ ሲሄድ የሚያዞረውን «የውኃ መሪ» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ገጽ ግን ልዩ ትኩረት ይሻል። እንግሊዝኛው ኤሌቬተር ይለዋል። ቃሉን ከከተማ ሕንፃ ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ «አሳንሰር» ቢል ያስቃል እንጂ አውሮፕላን አይጥልም፤ አንባቢው ስሕተቱን ወዲያው ያውቀዋልና። የሚጥለው ትክክል የሚመስለው «የከፍታ መሪ» የሚለው ነው። ይህ ገጽ የሚያነሣውና የሚያወርደው አፍንጫውን ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ከፍ ማለት አለማለቱ በፍጥነቱና በሞተሩ ኃይልም ይወሰናል። ቮልፍጋንግ ላንጌቪሼ እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው የአብራሪዎች መጽሐፍ ይህ ስም ራሱ አብራሪዎችን እንደሚያሳስት አስረድቶ ሌላ ስም እስከ መጠቀም ደርሷል።

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው በማረፊያው ሰዓት ነው። አንድ ጀማሪ አውሮፕላኑን ወደ ውኃው ሲያቀርብ ዝግ እያለና እየወረደ ያየዋል እንበል። ዘንጉ «የከፍታ» ከተባለ ከፍታ ለማግኘት ይስበዋል። አፍንጫው ይነሣል፤ ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበት ማእዘን ከመጠን ያልፋል፤ ይህም በብዙ ክንፎች ላይ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ክንፉን የሚያነሣው ኃይል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን ጋድሎ ይወድቃል። መድኀኒቱ ዘንጉን ማላላትና ኃይል መጨመር ነበር። ስለዚህ «የአፍንጫ መሪ» እንዲባል እናቀርባለን። የጀርመንኛውን ሥርዐት ስንወርስ ጉድለቱን አብረን የምንወርስበት ምክንያት የለም።

የዚህ አወዳደቅ ስም ሌላ ወጥመድ አለው። እንግሊዝኛው ስቶል ሲል የመኪና ሞተር መጥፋትንም፣ የክንፍን ኃይል ማጣትንም በአንድ ቃል ይጠራል። «ሞተሩ ቆመ» ተብሎ የተተረጐመለት አንባቢ ሞተሩ ሲሠራ እየሰማ አደጋው እንደማይደርስበት ያስባል። በእርግጥ ግን ክንፍ ኃይሉን የሚያጣው ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ጉልበቱ ከዳው፣ ዓይኑ ከዳው ይላል፤ አካሉ እያለ ሥራውን ሲተው ማለት ነው። «የክንፍ መክዳት»፣ በግሥም «ክንፉ ከዳው» ቢባል ነገሩን በትክክል ይገልጣል። «የሞተር መቆም» የሚለው ለሌላው አደጋ ብቻ ይቀመጥ።

ግራና ቀኝም ሳይብራሩ መታለፍ የለባቸውም። አውሮፕላኑ ወደ አብራሪው ፊቱን አዙሮ ሲመጣ የአውሮፕላኑ ግራ ለተመልካቹ ቀኝ ይሆናል። መመሪያ ተርጓሚ «ወደ ግራው» ሲል የማን ግራ እንደ ሆነ በዝርዝር ቅጥያው ማሳየት ይችላል፤ ይህ አማርኛ በነጻ የሰጠው መሣሪያ ነው።

፭. ስለ ውሰት ቃላት

ሁሉንም መተርጐም ግዴታ አይደለም። ከተቀባዩ ትእዛዝ ተቀብሎ መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር «ሰርቮ» ተብሎ ቢቀር ማንንም አይጎዳም፤ ቃሉ ሌላ ፍቺ ስለሌለው አያሳስትም። ሬዲዮ፣ ሞተር፣ ባትሪ፣ ፕላስቲክም እንዲሁ ናቸው። «ነዳጅ መስጫ» የሚለው ግን ባትሪ ለሚጠቀም አውሮፕላን ስለማይሆን «ኃይል መስጫ» ይባል። የውሰት ቃል የሚያሰጋው ኤሌቬተርና ስቶል እንዳደረጉት ከሌላ ቦታ የታወቀ ፍቺ ይዞ ሲመጣ ነው።

ከማስጠንቀቂያዎችም አንዱን መጥቀስ ይገባል። ሞተሩ ቆሞ ሐይቅ መካከል የቀረን አውሮፕላን ለማምጣት መዋኘት ክልክል ነው፤ ዕቃው በጀልባ፣ ወይም በዓሣ ማጥመጃ ክር ጫፍ የታሰረ የቴኒስ ኳስ ወርውሮ በመሳብ ይመለሳል። እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር በትርጉም «አይመከርም» ተብሎ ሊለሳለስ አይገባም፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላልና።

ያቀረብናቸው ስሞች የመጨረሻ አይደሉም። ተርጓሚዎች ሲፈትኗቸው አንድ መንገድ እናመለክታለን፤ መመሪያውን ነገሩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ ከዚያ «አውሮፕላኑ ዝግ ብሎ ሲወርድ ዘንጉን ወዴት ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አላላዋለሁ» ካለ ስሙ ሥራውን ሠርቷል፤ «እስበዋለሁ» ካለ ግን ሌላ ስም መፈለግ አለብን።