ማዳመጥም እርዳታ ነው

በዚህ እትማችን ስለ አንድ ቀላል ስለሚመስል ነገር እንነጋገራለን። እርሱም የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ ሲነገር ማዳመጥ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ በምሳሌ እንጀምር።

አንዲት እህት እሑድ ዕረፍት አግኝታ ጓደኞቿ ጋ መጣች እንበል። እናቷ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። መርዶውን የሰማችው በስልክ ነው፤ ያውም ዕቃ እያጠበች ሳለ። የዚያን ቀን ማዳም እንግዳ ስለነበረባት ፊቷን ታጥባ ቡና አቀረበች። አሁን ከጓደኞቿ መካከል ተቀምጣ፣ «እናቴ እኮ…» ብላ ስትጀምር አንዷ፣ «አይዞሽ፣ ሁላችንም ሟች ነን» አለቻት። ሌላዋ፣ «እኔም አባቴ ሲሞት እንዲሁ ሆኜ ነበር» ብላ የራሷን ቀጠለች። ሦስተኛዋ፣ «ተይ አታልቅሺ፣ ትታመሚያለሽ» አለቻት። ክፉ ያሰበ ማንም የለም። ነገር ግን ልጅቱ ስለ እናቷ አንድ ነገር እንኳ ሳትናገር ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አገራችን ቢሆንስ?

በአገራችን መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ ይነገራል። ከዚያ ለቀስተኛ ይመጣል። ለቀስተኛው ብዙ አይናገርም፤ ገብቶ ይቀመጣል። ሐዘንተኛው ግን «እንዴት ሆኑ? ምን አገኛቸው?» ለሚለው ሁሉ ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ ይናገራል። በተናገረው ቁጥር ሐዘኑ ጥቂት ጥቂት እየቀለለው ይሄዳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሥርዓት ያቆዩልን ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጽሐፈ ኢዮብም እንዲሁ እናገኛለን። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት ተቀምጠዋል። ጥፋታቸው የጀመረው «ይህ የደረሰብህ በድለህ ነው» ብለው መፍረድ ሲጀምሩ ነው።

በሰው አገር ለቅሶ ቤት የለንም፤ ዕድርም የለንም። ያለን እርስ በርሳችን ነን። ስለዚህ ያ ሁሉ ለቀስተኛ የሚሠራውን ሥራ አንዲት ጓደኛ ጆሮዋን ሰጥታ ልትሠራው ትችላለች።

ለሰሚዋም ይጠቅማል

ማዳመጥ የሚጠቅመው ተናጋሪዋን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ሕግ በማይሸፍነን ቦታ ደግሞ ከእኛ በፊት የመጣችው እህት ያየችውን ማወቅ ትልቅ ስንቅ ነው። ደመወዟን «በኋላ ትወስጃለሽ» እየተባለች ዓመት የሞላት እህት ታሪኳን ስትነግረን፣ የተቀበልነውንና የቀረንን በየወሩ መጻፍ እንዳለብን እንማራለን። ያላነበበችውን ወረቀት ፈርማ የተቸገረችውን ስንሰማ፣ ከመፈረማችን በፊት መጠየቅን እንማራለን።

ታሪክ ከዚህም በላይ ርቆ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በጄኔቭ በተደረጉት ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤዎች የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ተገኝተው ስለ ኑሯቸው ተናግረዋል። ሰኔ 16 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 189 ጸደቀ። በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይቆራረጥ ማረፍና ፓስፖርትን በራስ እጅ መያዝ በዚህ ስምምነት ውስጥ ተጽፈዋል። ስምምነቱ ግዴታ የሚሆነው በተቀበሉት አገሮች ላይ ብቻ ነው። ቢሆንም የሠራተኞች ብሶት ሰሚ ሲያገኝ የት ድረስ እንደሚደርስ ያሳየናል።

እንዴት እናዳምጥ?

1. ስትጀምር አናቋርጣት። ዝም ካለችም ለመሙላት አንቸኩል፤ ቃል እየፈለገች ሊሆን ይችላል።

2. «የኔ ይብሳል» አንበል። የራሳችንን ታሪክ ለሌላ ቀን እናቆየው።

3. ቶሎ አንፍረድባት። «ለምን ከቤቱ ወጣሽ? ለምን አልቻልሽውም?» የተባለች እህት ሁለተኛ አትናገርም። በልቧ «ሆድ ይፍጀው» ትላለች።

4. ምክር ከመስጠታችን በፊት፣ «ምን ላግዝሽ?» ብለን እንጠይቃት። ምናልባት የምትፈልገው እንድንሰማት ብቻ ይሆናል።

5. ምሥጢሯን እንጠብቅላት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። እሑድ የነገረችን ነገር ሰኞ በኢሞ ከሰው ሰው ከዞረ፣ ያደረግነው ማዳመጥ ሳይሆን ሐሜት መልቀም ነው። ወሬው አሠሪዎቿ ጆሮ ከደረሰም ኑሮዋንና ደኅንነቷን አደጋ ላይ ይጥላል።

ማዳመጥ ብቻ የማይበቃበት ጊዜ

እየተደበደበች ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ተቆልፎባት ከሆነ፣ ወይም ወንዶች እያስቸገሯት ከሆነ፣ «ቻይው» ማለት እርዳታ አይደለም። የነገረችንን እንመናት። እርሷ ፈቅዳ፣ አብረን ሊረዳት ወደሚችል የታመነ ሰው እንሂድ።

«መኖር ሰለቸኝ» ካለችን ደግሞ እንደ ቀልድ አንለፈው። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለን በግልጽ እንጠይቃት። ብዙዎች መጠየቁ ሐሳቡን የሚያመጣባት ይመስላቸዋል፤ እንደዚያ አይደለም። መጠየቁ ሸክሟን እንድታወርድ በር ይከፍትላታል። እንዲህ ያለችውን እህት ብቻዋን አንተዋት፤ ምሥጢር ነው ብለንም ለብቻችን አንያዘው። ሕይወቷ ከምሥጢሩ ይበልጣልና ዕለቱን ሊረዳት ለሚችል ሰው እናሳውቅ።

የሌላ ሰው ሐዘን መስማት ሰሚዋንም እንደሚያደክም አንርሳ። ስንደክም፣ «ዛሬ ልቤ ሞልቷል፣ ነገ ደውይልኝ» ማለት ነውር አይደለም። ነገ ስትደውል ግን ስልኩን እናንሳ።

ወደ መጀመሪያዋ እህት እንመለስ። ያን እሑድ ከጓደኞቿ አንዷ ቡናዋን አስቀምጣ፣ «እናትሽ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብላ ብትጠይቃት ኖሮስ? ምናልባት ለረጅም ጊዜ ታለቅስ ነበር። ከዚያም እናቷ ገበያ ውለው ሲመለሱ ምን ይዘውላት ይመጡ እንደነበረ ትናገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትገባም፣ ስለ እናቷ የምታውቅ አንዲት ሰው በዚህ አገር አለቻት ማለት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ከመካከላችሁ ዝም ያለችው ማን እንደሆነች እስቲ ልብ በሉ። ቸር ያሰንብተን።