ስምንተኛው ሲዝን ወረቀት ላይ ነው

«ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በ7 ሲዝን 144 ክፍል የታየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። ደም መጣጮችን ማደን ዕጣዋ የሆነ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ታሪክ ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየገለበጡ ያዩት የጅማና የአጋሮ ልጆች ሰባተኛው ሲዝን ሲያልቅ ታሪኩም ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። ዳርክ ሆርስ የተባለው አሳታሚ ከማርች 2007 እስከ ጃንዋሪ 2011 ድረስ ስምንተኛውን ሲዝን በ40 ቁጥር በኮሚክ አወጣው።

ይህን ስናገር የሚገጥመኝ መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ «እሱማ ፊልሙ ሲያልቅ ሳንቲም ለመልቀም ያወጡት ነው»። እንዲህ የሚሉት ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ገልጠው የማያውቁ ናቸው። የመጀመሪያውን ክፍል የጻፈው ድራማውን የፈጠረው ጆስ ዊደን ራሱ ነው፤ እስከ መጨረሻውም ሥራውን የመራው እሱ ነው። ለቴሌቪዥኑ ይጽፉ የነበሩት ጄን ኤስፐንሰንና ድሩ ጎዳርድም መጥተው ጽፈዋል። አብዛኛውን የሣለው ጆርጅ ጂንቲ ነው። በ2008 የአይስነር ሽልማትን በአዲስ ተከታታይ ዘርፍ አግኝቷል። ይህ ትርፍራፊ ከተባለ ዋናው ምን ሊባል ነው?

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥን በጀት አለበት። ጭራቁ ሲመጣ ወይ ጨለማ ይሆናል፣ ወይ ካሜራው የሚሮጡትን ሰዎች ፊት ብቻ ያሳያል። ወረቀት ላይ ግን ዘንዶም ሆነ ወንበር የሚጨርሰው ቀለም እኩል ነው። ጎረቤታችን የነበሩ እናት በቡና ለቀማ ወራት፣ አቦሉ ወርዶ ቶናው ሲጠበቅ፣ የጂን ታሪክ ያወሩልን ነበር። «ቁመቱ ከዋንዛው በለጠ» ካሉ በለጠ ነው፤ ማንም ወጪውን አይጠይቃቸውም። የዊደን ኮሚክ የሚሠራው በዚሁ ነፃነት ነው። በድራማው አንድ ቤት ውስጥ ታጭቀው የነበሩት እንደ ባፊ ያሉ አዳኝ ልጃገረዶች እዚህ በዓለም ዙሪያ ወደ 1,800 ደርሰዋል፤ ባፊም ስኮትላንድ ውስጥ ቤተ መንግሥት የመሰለ ግንብ ይዛ ጦር ትመራለች። ጠንቋይዋ ዊሎው ደስ ባላት ጊዜ ትበራለች።

የባፊ ታናሽ እህት ዶን ደግሞ ግዙፍ ሆናለች። በመጀመሪያው ቁጥር ሁለቱ እህቶች እንደ ማንኛውም እህትማማች ይነታረካሉ፤ ሥዕሉ ራቅ ሲል ነው ዶን የግንቡን አዳራሽ እንደሞላችው የምናየው። ጎዳርድ በጻፈው ክፍል ይህቺው ልጅ ቶክዮ ከተማ መሐል በእሷ አምሳል ከተሠራ ግዙፍ ሮቦት ጋር ትደባደባለች። ቆይታም ግማሽ አካሏ ፈረስ ይሆናል፣ ከዚያ አሻንጉሊት ትሆናለች። ይህን በ2003 ቴሌቪዥን ላይ ማን ይሞክረው ነበር?

ታዲያ አነባበቡን ማበላሸት አይገባም። ስልክ ላይ እያንዳንዱን ሥዕል በጣት እያጎላ የሚያነብ ሰው ገጹ የተሠራበትን ጥበብ ያጣዋል። ሠዓሊው ድንገተኛውን ነገር ቅጠሉ ሲገለበጥ እንዲታይ ከጀርባ ይደብቀዋል፤ ያለፈው ገጽ የመጨረሻ ሥዕል ላይ የአንድ ሰው ዓይን ብቻ ፈጦ ይቀራል። ገጹን በሙሉ አንዴ ማየት፣ ከዚያ ማንበብ ነው። አንድ ወዳጄ ደግሞ ያዋስኩትን መልሶልኛል፤ ጆ ቼን በሣለችው ውብ ሽፋን ላይ የማኪያቶ ብርጭቆ ክብ ታትሞበት። ብርጭቆ ማስቀመጫ የሚሆን ስንት ነገር ሞልቶ!

ጉድለት የለውም አልልም። በስድስተኛው ሲዝን ቆዳው ተገፎ የሞተው ዋረን በኮሚኩ ሕያው ሆኖ ይመጣል፤ በሰባተኛው ሲዝን ግን የሙታንን መልክ ብቻ መያዝ የሚችለው ክፉ መንፈስ በዋረን መልክ ታይቶ ነበር። ነቄ አንባቢዎች ወዲያው ጮኹ፣ ዊደንም መርሳቱን አመነ፤ በኋላ «ለአፍታ ሞቶ ነበር» በሚል ተለጠፈ። ወደ መጨረሻው አካባቢም ታሪኩ ከአቅሙ በላይ ይሰፋል። ይህን ያዩት አዘጋጆች ዘጠነኛውን በ25 ቁጥር ሰበሰቡት፤ አሥራ ሁለተኛው በ2018 በ4 ቁጥር ተጠናቀቀ።

በዚያው በ2018 በእኛም አገር የብስራት ደበበ ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ ልዩ ኃይል ሲያገኝ ቴሌቪዥን አልጠበቀም፣ በቀጥታ ወረቀት ላይ ተወለደ። «ባፊ» ለሚከብዳቸው መጀመሪያ እሱን እሰጣለሁ። ከዚያ ሰባቱን ሲዝን አይቶ የመጣ ብቻ ስምንተኛውን ከቁጥር 1 ይጀምር፤ ከመሐል አንድ ቁጥር መዞ «አልገባኝም» ለሚል የማዋሰው የለኝም።