ከእድር እስከ ቴሌግራም፦ የቤት ውስጥ ንግድ በማን ዋስትና ይተዋወቃል?



የዛሬው ገለጻዬ በቤት ውስጥ የሚሠራ ንግድ እንዴት ከገዢ ጋር እንደሚተዋወቅ ይመለከታል። በከተሞቻችን በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ እንጀራ ለየቤቱ የሚያቀርቡ፣ ለድግስ ድፎ ዳቦ የሚጋግሩ፣ ጥልፍ የሚጠልፉ ብዙ ሴቶች አሉ። ሱቅ የላቸውም፤ ሰሌዳም አልሰቀሉም፤ አላፊ አግዳሚው ደጃፋቸውን አያውቀውም። ሥራቸው የሚታወቀው በሰው በኩል ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሰው ማን ነው? ምን ሲያደርግስ ነው ንግዱ የሚያድገው?

የገለጻዬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ላቅርብ። ለቤት ውስጥ ነጋዴ ማስተዋወቅ ማለት ብዙ ሰው እንዲያያት ማድረግ ብቻ አይደለም፤ የሚታመን ሰው ዋስ እንዲሆናት ማድረግ ነው። የሰፈር ትስስር ዋስትናን ይሰጣል፤ የበይነ መረብ ትስስር ደግሞ ያንን ዋስትና ሩቅ ያደርሳል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

በርበሬን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የተፈጨ በርበሬ ሲታይ ሁሉም ቀይ ነው። ዛላው በደንብ ደርቆ እንደሆነ፣ ሻጋታ ነክቶት እንደሆነ፣ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ገዢዋ በዐይኗ ልታውቅ አትችልም። ሻጯ ግን ታውቃለች። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርገው ያስረዱት ይህንኑ የመረጃ አለመመጣጠን ነው። በዚህ መስክ ባደረጉት ምርምርም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈቅዳል፤ ያ ዋጋ ደግሞ ጥሩውን የምታዘጋጀውን ሴት ያከስራታል። እርሷ ከገበያ ስትወጣ መጥፎው ይቀራል። ዋጋ መቀነስም አያድናትም፤ እንዲህ ባለ ገበያ ርካሽነት ራሱ ጥርጣሬን ይወልዳል።

የሰፈር ትስስር ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው፤ እቁብም ለቁጠባ። ሁለቱም ገበያ አይደሉም። ነገር ግን በውስጣቸው ሰው ስለ ሰው የሚያከማቸው ዕውቀት አለ። እቁቡን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወስዳ እስከ መጨረሻው ሳታጓድል የከፈለች ሴት ታማኝነቷን በተግባር አስመስክራለች። እንዲህ ያለች ሴት «ከእገሊት ግዙ፤ ንጹሕ ነው» ስትል የራሷን ስም ታስይዛለች። በርበሬው ቢበላሽ በሚቀጥለው ቡና ላይ የምታፍረው እርሷ ናት። ምስክርነቷ ክብደት የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የሰፈር ትስስር ወሰን አለው። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቃቸውን ሰዎች ነው። የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ በትውውቅ ሥራ ካገኙት ሰዎች መካከል መረጃውን ካደረሳቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር መረጃውን ያደረሳቸው። ለቤት ውስጥ ነጋዴም እንዲሁ ነው፤ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወረች የቀድሞ ጎረቤት፣ የልጅ የሥራ ባልደረባ፣ በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት የሚላክለት በዋሽንግተን የሚኖር ዘመድ ወደ አዲስ ገበያ የሚያሻግሩ ድልድዮች ናቸው።

በይነ መረብ የእነዚህን ድልድዮች ወጪ እጅግ ቀንሶታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም የሩቅ ገዢ ክፍያ በስልክ ይደርሳል። ነገር ግን ፎቶግራፍ ዋስ አይሆንም። በቴሌግራም ቻናል የምትናገረው ሻጯ ናት፤ ተከታዮቿ እርስ በርስ አይተዋወቁም። በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ግን ገዢ ለገዢ ይመሰክራል፤ ቅሬታም በአደባባይ ይሰማል። ቅሬታው በአደባባይ መሰማቱ ያስፈራል፤ ምስጋናውን ተአማኒ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው። ስለዚህ አዲስ ገዢ በመጣ ቁጥር «ማን ነገረዎት?» ብሎ መጠየቅና መመዝገብ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ዋሶቿን የምታውቅ ነጋዴ ስማቸውን ለመጠበቅም ትችላለች።

ሁለት አደጋዎችን ላመልክት። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። የእድር አባል በይሉኝታ ሲገዛ ሽያጭ ያለ ይመስላል፤ ገዢው ግን አይመለስም፤ ቅሬታውንም አይናገርም። ነጋዴዋ ጉድለቷን ሳታውቅ ትቀራለች፤ ለሐዘን የተቋቋመው ማኅበርም የሚሸሹት ገበያ ይሆናል። ሁለተኛው ከአቅም በላይ ማደግ ነው። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ትእዛዙ ሲበዛ፣ የጎደለውን ከገበያ ገዝቶ የመቀላቀል ፈተና ይመጣል። ያን ቀን የሚሸጠው ለእርሷ የመሰከሩላት ሰዎች ስም ጭምር ነው። «ለዚህ በዓል ሞልቶብኛል» ብሎ ትእዛዝ መመለስ የዕለቱን ገቢ ቢቀንስም ዋሶችን ያቆያል።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ርእስ የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ካላችሁ የተከታዮችን ብዛት በመቁጠር ብቻ አትወሰኑ። ለሁለተኛ ጊዜ የገዛው ስንት ነው? ሌላ ሰው ይዞ የመጣውስ? ያለ ሱቅና ያለ ሰሌዳ የምትሠራ ሴት ያላት ካፒታል በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይለካል። በብድር መዝገብ ላይ ስለማይታይ ካፒታል አይደለም ማለት አይቻልም፤ ሊለካና ሊታወቅ የሚገባው ነው።