ጉንፋን ሲይዘን ከንፈራችን ላይ የሚወጣው ቁስል ምንድን ነው?

«እገሌን አየኸው? ከንፈሩ እኮ ቆሳስሏል፤ በቃ፣ አለቀለት!» እንዲህ ዓይነቱ ሐሜት በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ አዲስ አይደለም። ለመሆኑ ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል የኤች አይ ቪ ምልክት ነውን?

ውድ ወጣቶች፣ በመጀመሪያ ቁስሉን እንወቀው። ጉንፋን ይዞን ትኩሳት ሲነሳብን የከንፈራችን ጠርዝ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ከዚያም ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ተሰብስበው ይወጣሉ፤ ይፈነዱና ቅርፊት ይይዛሉ። ብዙ ሰው «ምች መታኝ» የሚለው ይህንኑ ነው። መንስኤው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ሲሆን ከጉንፋን ቫይረስም ሆነ ከኤች አይ ቪ የተለየ ነው።

ታዲያ ከጉንፋን ጋር ምን አገናኘው? ይህ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት፣ በምራቅና በመሳሳም ይይዘናል። አንዴ ከገባ ጨርሶ አይወጣም፤ የፊት ነርቮች ሥር ተደብቆ ይተኛል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ድካም፣ ጭንቀት ወይም የወር አበባ ሲቀሰቅሰው በነርቩ በኩል ወደ ከንፈር ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑት የዓለማችን ሰዎች 64 በመቶ ያህሉ ይህ ቫይረስ አለባቸው። ከንፈር እያየን ብንፈርድ እንግዲህ ማን ሊተርፍ ነው?

ቁስሉ ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። እስከዚያው ግን፦

- ቁስሉን አትነካኩ፤ ከነካችሁም እጃችሁን ታጠቡ። በተለይ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።
- እስኪደርቅ ድረስ መሳሳም ይቅር። ሕፃን ልጅ ፈጽሞ አትሳሙ፤ ለአራስ ሕይወት አስጊ ነው።
- በአፍ የሚደረግ ወሲብም ቫይረሱን ወደ ብልት ያስተላልፋል።
- ዳማከሴ አሽቶ መቀባት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ያልታጠበ ቅጠል ቁስሉን ሊያመረቅዘው ይችላል።
- ቁስሉ ከበረታ ሐኪም አማክሩ። አሳይክሎቪር የተባለው መድኃኒት ማሳከክ እንደጀመረ ሲወሰድ ይበልጥ ይረዳል።

ይሁን እንጂ ችላ የማይባሉ ምልክቶችም አሉ። ከአንድ ወር በላይ አልድን ያለ የከንፈር ቁስል፣ በምላስና በላንቃ ላይ የሚወጣ ነጭ ሽፋን እንዲሁም አልማዝ ባለጭራ የሰውነት መከላከያ አቅም መዳከሙን ሊጠቁሙ ይችላሉ። እነዚህም ቢሆኑ በራሳቸው ማረጋገጫ አይደሉም። ኤች አይ ቪ በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ምርመራ ብቻ ነው። ብዙዎች ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው እያለ ለዓመታት አንዳችም ቁስል አይታይባቸውም። ስለዚህ ያማረ ከንፈርም ዋስትና አይሆንም!

ቫይረሱ ቢገኝ እንኳ ዛሬ ሕክምና አለ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ የቆየ ሰው ቫይረሱን በወሲብ አያስተላልፍም።

ሐሜቱን ትተን እንመርመር፣ ራሳችንን እንወቅ!