ጓዳው ይከፈት

በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ስለ ምንጭ ውሃ ንጽሕና፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቈፋፈር፣ ስለ ዝንብና ስለ ወባ ትንኝ ደጋግመን ጽፈናል። ቤት እንዲናፈስ፣ መስኮት እንዲከፈት፣ የፀሓይ ብርሃንም ወደ ጓዳ እንዲገባ መክረናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን በኀፍረት ስለ ተዘጋ ጓዳ ነው። ይህን ዐይነቱን ጓዳ መጥረጊያና ኖራ አያነጹትም፤ የሚያነጻው ዕውቀትና የጎረቤት ርኅራኄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትምህርቴን በውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስሁ ብዙም ሳልቈይ፣ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣች። «ጌታዬ፣ ልጄ ሲጠሩት አይዞርም፤ አፉንም አልፈታም። ቈርቈሮ ሲንኳኳ ግን ጆሮውን ይዞ ይጮኻል» አለችኝ። መዘንሁት፤ ጉሮሮውንና ጆሮውን አየሁ፤ ጤነኛና ደልዳላ ልጅ ነበር። «እኅቴ፣ አይዞሽ፤ ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል፤ ጠብቂ» ብዬ ሰደድኋት። ልጁ ያን ጊዜ ሁሉ የሚዛኑን ሰሐን ያሽከረክር ነበር እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔም ይህን አላስተዋልሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ስንዞር ከዚያች ሴት ደጃፍ ደረስን። ጓዳው ከውጭ ተቈልፎ ከውስጥ የልጅ ድምፅ ይሰማ ነበር። እናቲቱ ባየችኝ ጊዜ ዐወቀችኝ። አልተቈጣችኝም፤ አልሰደበችኝም። «ጠብቂ ብለውኝ ጠበቅሁ» ብቻ አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህች ሴት ለመፍረድ አትቸኵል። ልጁ ሁለት ጊዜ ሮጦ ከመኪና መንገድ ገብቶባታል። ለጠበቃ የሚሆን ሰው ስላልነበራት ጉሊት መቸርቸሯን ትታለች። ለቅሶ ቤት ይዛው ብትሄድ «ምን ብታደርግ ነው እንዲህ ያለ የወለደችው?» ሲባል ሰምታለች። ከዕድር ቀርታ፣ ከቡና ቀርታ፣ በመጨረሻ ከልጇ ጋር ራሷን ቈልፋለች። ቍልፉን ያቀበልናት ግን እኛ ነን፤ ጎረቤቷ በሐሜቱ፣ እኔም በቸልታዬ።

እንግዲህ ኦቲዝም ምንድር ነው? ኦቲዝም እንደ ኩፍኝ ወይም እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ ተላላፊ በሽታ አይደለም። አንጎል ከመጀመሪያው በተለየ መንገድ በማደጉ የሚመጣ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትንና ድምፅን፣ ብርሃንን፣ መዳሰስን የሚቀበልበትን መንገድ ይለውጠዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በአሜሪካ አገር 11 ልጆችን መርምሮ ይህን ሁኔታ በ1943 ዓ.ም. በዝርዝር ጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ያለበት ነበር። አንዱ ልጅ ፈጽሞ አይናገርም፤ ሌላው ብዙ ቃል ያውቃል፤ ነገር ግን ጨዋታ መቀባበል ያቅተዋል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም።

ወላጅ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠሩት ካልዞረ፤ በዓመት ከመንፈቅ የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ካላመለከተ፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አጋጥሞ ካልተናገረ፤ ወይም በማናቸውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ከተወ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። እጅን ደጋግሞ ማርገብገብ፣ ዕቃን በተርታ መደርደር፣ የለመደው ነገር ሲለወጥ እጅግ መታወክ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ስለ ታየ ብቻ ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ መመርመር ይገባዋል ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞም የመስማት ችሎታው ይመርመር።

ወላጆች ዘወትር የሚጠይቁን «ከምን መጣብን?» ብለው ነው። ፎልስታይንና ራተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር 21 ጥንድ መንታዎችን መርምረው በ1977 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ የዘር ውርስ በነገሩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ምርምሮችም ይህንኑ አጸኑ። ከእርግማን፣ ከወላጅ ኀጢአት ወይም ከዛር የመጣ አይደለም። ከክትባትም የመጣ አይደለም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 ዓ.ም. ጽሑፍ በ2010 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሔት ተሽሯል፤ በዴንማርክ አገርም 657,461 ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2019 ዓ.ም. ወጥቶ የኩፍኝ ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ አረጋገጠ። ስለዚህ ኦቲዝምን ፈርቶ ልጁን ሳያስከትብ የሚቀር ወላጅ፣ ከሌለ ጅብ ሲሸሽ ካለ ገደል እንደሚገባ ሰው ነው።

እናትን መውቀስ የእኛ አገር ጥፋት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር ስመ ጥር የነበሩ ምሁራን ሳይቀሩ ልጆቹ እንዲህ የሆኑት እናታቸው ፍቅር ስለ ነፈገቻቸው ነው ይሉ ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይም ይህን ሐሳብ በ1967 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው አሰራጨው። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ ነገሩ ከአንጎል አሠራር እንደሚመጣ አስቀድሞ በ1964 ዓ.ም. ጽፎ ነበር። እኛ «እርግማን» ያልነውን እነርሱ በሳይንስ ቋንቋ «የእናት ቅዝቃዜ» አሉት፤ የወቀሳው ፍላጻ ግን በሁለቱም አገር ያረፈው በእናቲቱ ላይ ነው።

ይህ ወቀሳ በአገራችን ምን ያህል እንደሚከብድ በ2016 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ያሳያል። ጥናቱ በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ዝግመት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን የጠየቀ ነው። ከመቶው 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከመቶው 27 የሚሆኑት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ከመቶው 40 የሚሆኑት የልጁ ሁኔታ ከርኩስ መንፈስ የመጣ ነው አሉ። ምን እንደጐደላቸው ሲጠየቁ ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል የልጃቸውን ትምህርት ጠቀሱ። እንግዲህ እነዚህ ወላጆች በልባቸው ያለው ምኞት የማንኛውም ወላጅ ምኞት ነው፤ ልጃቸው እንዲማር።

በየአገሩ የመጀመሪያውን በር የከፈቱት ወላጆች ራሳቸው መሆናቸው ሊያስደንቀን አይገባም። በለንደን ወላጆች ተሰብስበው በ1962 ዓ.ም. ማኅበር አቋቋሙ፤ በአሜሪካም ሪምላንድ ከሌሎች ወላጆች ጋር በ1965 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገ። በእኛም አገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ የኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እኒህ ሴት በ2021 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ቢለዩም ሥራቸው አልተለየም። ከእርሳቸው በኋላ የተቋቋመው የነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም በዚያው ከተማ ይገኛል።

ነገር ግን አዲስ አበባ ለሁሉ ቅርብ አይደለችም። ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ልጁን በየሳምንቱ ወደ ዋና ከተማ ማመላለስ የሚችል ገበሬ አይገኝም። ስለዚህ ልጁ ወደ አገልግሎቱ ሊደርስ ካልቻለ አገልግሎቱ ወደ ልጁ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች የሚሰጥ ነው። ወላጆቹ ዘጠኝ ጊዜ በማኅበር ይሰበሰባሉ፤ አሠልጣኙም ሦስት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ይመጣል። ትምህርቱን ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ወይም ወላጅ ይበቃል። በሥልጠናው ወላጅ ከልጁ ጋር በጨዋታና በዕለት ሥራ መካከል መግባባትን፣ ትእዛዝን በአጭር ቃል መስጠትን፣ ልጁ ከመታወኩ በፊት የታወከበትን ምክንያት መለየትን ይማራል። ሥልጠናው በአገራችንም ተሞክሯል።

ይሁን እንጂ መንግሥት ሁሉን እስኪያደርስ ድረስ ጎረቤት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ዕድር ሙታንን ለመቅበር የሚያሳየውን ትጋት በሕይወት ላለው ልጅ ጥቂት ቢያካፍል ምንኛ መልካም ነበር! በሳምንት ሁለት ሰዓት ልጁን የሚጠብቅ ሰው ከተገኘ እናት ገበያ ትሄዳለች፣ ታጥባለች፣ ትተኛለች፤ ይህም መድኃኒት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

1ኛ፤ ወላጆች ሆይ፣ «ጠብቁ» የሚላችሁን ሰው፣ ጤና ሠራተኛም ቢሆን፣ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ምርመራ ጠይቁ።

2ኛ፤ ልጁን አትሰሩት፣ አትቈልፉበት፣ አትምቱት። የሚሮጥ ልጅ ከሆነ አጥሩን አጥብቁ፤ ጎረቤቶቻችሁ መልኩንና ስሙን ይወቁ።

3ኛ፤ ኦቲዝምን የሚያጠፋ ኪኒን የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ልጆች የሚጥል በሽታም ስለሚኖርባቸው፣ ለእርሱ የታዘዘው መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ። ጠበል መውሰድም ሆነ ዱዓ ማስደረግ የእምነታችሁ ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱን ግን አያስተውም።

4ኛ፤ ልጁ የማይናገር ከሆነ በሥዕል፣ በምልክት ወይም ዕቃውን በማሳየት እንዲጠይቅ አስተምሩት። ይህ ንግግርን አይከለክልበትም፤ ያግዘዋል እንጂ።

5ኛ፤ ጎረቤቶች ሆይ፣ «ምን አደረገች?» ማለትን ትታችሁ «ምን እናድርግላት?» በሉ። ልጆቻችሁም ከልጇ ጋር ይጫወቱ፤ አይተላለፍባቸውም።

6ኛ፤ መምህራን ሆይ፣ ልጁን ከደጅ አትመልሱት። ከጫጫታ ራቅ ያለ መቀመጫና በየቀኑ የማይለዋወጥ ሥርዐት ብዙ ይረዳዋል።

ያቺን እናት እንዴት እንደሆነች ሳልነግራችሁ ጽሑፌን አልፈጽምም። ከዚያ ቀን በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷን ትመላለስ ጀመር። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው፣ «የእኔ ጉልበት ለገበያ አይሆንም፤ ልጅ ለመጠበቅ ግን ይሆናል» ብለው ረቡዕና ቅዳሜ ልጁን ይይዙላት ጀመር፤ እርሷም ወደ ጉሊቷ ተመለሰች። ልጁ ዛሬም ብዙ አይናገርም። ነገር ግን ሲርበው የእንጀራ ሥዕል አንሥቶ ለእናቱ ይሰጣታል፤ ስሙን ሲጠሩትም አንዳንድ ጊዜ ይዞራል። ባለፈው ወር ሄጄ ሳለ እማማ ቡና አፍልተው ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። እርሱም ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ባዶ ሲኒ ያሽከረክር ነበር፤ ማንም አልከለከለው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ኦቲዝም በሽታ ባይሆንም መደበቁ ግን በሽታ ነው፤ ለዚህኛው መድኃኒቱ በእጃችን ነው። ከደጃችሁ ጥቂት ርምጃ አልፎ የተዘጋ ጓዳ ካለ፣ ነገ ሳትሉ ዛሬ ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። እኔ ያን ጊዜ «ጠብቂ» በማለቴ ሁለት ዓመት አልፏል፤ እናንተ ግን አትጠብቁ።