ዓይኑ የደፈረሰ ውሻ

«እባብ ተፍቶበት ነው፣ ዶክተር።» ከማጂ ደጋ ሥር ካለው ቆላ አዳኝ ውሻ ዓይኑ ደፍርሶ በገመድ እየተሳበ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ምርመራውን ጨርሶልኝ ነው የሚደርሰው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ የሚተፋ እባብ በአገሩ አለ። ሁለቱም ዓይኖች አንድ ላይ ሰማያዊ ነጭ ጉም ከለበሱ፣ ድዱ ገርጥቶ ንፍፊቱ ካበጠ ግን እባቡን እተወዋለሁ። ገንዲ ነው። በቆላ ዝንብ ንክሻ የሚገባው ተውሳክ ከብትን ቀስ በቀስ ያከሳል፤ ውሻን ግን ዓይኑን ይይዘዋል፣ ቶሎም ይገድለዋል።

ብዙዎቹ እኔ ጋ የሚደርሱት «መድኃኒት ተወግቷል» ተብለው ነው። የተወጋው ገበያ ላይ ለከብት የሚሸጠው ቢጫ ዱቄት፣ ዲሚናዚን ነው። ትንሹ ከረጢት 300 ኪሎ ለሚመዝን ከብት የተመጠነ ነው። የአገራችን አዳኝ ውሻ 12 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ የሚበቃው ከከረጢቱ ሃያ አምስተኛው እጅ ብቻ ነው። በከብት መርፌ በግምት ሲወጋ መጀመሪያ የዳነ ይመስላል። ከቀናት በኋላ አንገቱ ይጣመማል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቱ አንጎሉን ጎድቶታል። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰውን ማዳን አይቻለኝም። ስለዚህ ውሻውን ከማየቴ በፊት «ምን ያህል ወጋችሁት?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ገንዲን የሚችል ዘር ካነሳን፣ ከሚዛን ከተማ ብዙም ሳይርቅ በሸኮና በቤንች የሚረባ የሸኮ ከብት አለ። ሻኛ የለሽ፣ ደንዳና ነው። በጊቤ ሸለቆ ከአቢጋር፣ ከጉራጌና ከሆሮ ከብቶች ጋር ተወዳድሮ በገንዲ ከሁሉም ያነሰ የተጠቃው እሱ ነው። ስም አለው፣ ተመራማሪ አለው፤ እንዲያም ሆኖ ከሻኛማ ከብት ጋር እየተዳቀለ ቁጥሩ መመናመኑ አልቀረም። ውሻችን ይህም ክብር አልደረሰውም። «የሐበሻ ውሻ» ከመባል ያለፈ መጠሪያ የለውም፤ አጭር ጠጉር፣ ቀጭን ወገብ፣ የተጠማዘዘ ጅራት፣ ብዙውን ጊዜ ቡላ መልክ። ይሁን እንጂ እዚህ ቆላ ውስጥ አርጅቶ የሚሞት ውሻ ካየሁ፣ ገንዲውንም፣ መዥገሩንም፣ የከርከሮውንም ክራንቻ ያለፈ መሆኑን አውቃለሁ።

የሰው እጅ በውሻው ዘር ውስጥ የቱ ጋ እንደሚገባ ያስረዱኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ከውሻቸው አፍንጫና ከንፈር ላይ የጃርት እሾህ በፒንሳ ስነቅል አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር። እሾህ ሲነቀል በፍጥነት፣ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ ነው፤ ካጠማዘዙት ይሰበርና ውስጥ ይቀራል። ውሻው የስቃዩን ያህል አልጮኸም።

«አባቴ፣ ይህንን ለዘር ይይዙታል?» አልኳቸው።

«ጃርት አንዴ ቢወጋው ምንም አይደል፤ ልጅ ነው። ሁለተኛ ከመጣ ግን ሞኝ ነው፣ ሞኝ አይወለድበትም» አሉኝ።

ማጋባቱማ በእጃቸው አይደለም። ሴቷ ሙቀት ላይ ስትሆን የመንደሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ይከተላታል፤ አጥር የሚባል ነገር የለም። እሳቸው የሚመርጡት ከተወለደ በኋላ ነው፦ የትኛው ቡችላ ይቆያል፣ ለየትኛው ምግብ ይሰጣል፣ የትኛው ጫካ ገብቶ ጠረን ተከትሎ ይመለሳል። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የእርባታ ሥራ ነው፤ ለብዙ ትውልድ የሠራ ግን ይመስለኛል።

የአደን ታሪካችን ውሻውን ረስቶታል። ማጂ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የዝሆን ጥርስ ንግድ የሚጦፍባት ቦታ ነበረች፤ እንግሊዞችም ቆንስላ ከፍተውባት ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆንስላቸው የነበረው አርኖልድ ሆድሰን ስለ አገሩ የጻፈው መጽሐፍ ከርዕሱ ጀምሮ ስለ አንበሳ ነው። በእኛም በኩል ዝሆን የጣለ፣ አንበሳ የገደለ ፎክሯል፣ ተሸልሟል። ለድኩላና ለሚዳቋ፣ ለከርከሮና ለጃርት ማን ይፎክራል? የውሻው ሥራ ግን እዚያ ነበር፤ የድሃው ወጥና የበቆሎው ማሳ በእሱ አፍ ላይ ነበሩ።

ዛሬ አደን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ ኦሞ ብሔራዊ ፓርክም ሩቅ አይደለም። ስለዚህ እኔ ዘንድ የሚመጣ ውሻ ሁሉ «ዝንጀሮ ጠባቂ» ነው። የሽቦ ወጥመድ እግሩን ከርክሮት እንኳ ዝንጀሮ ጠባቂ ነው። ፖሊስ አይደለሁምና እሰፋለሁ፤ ስለ ወጥመዱም የሚገባኝን እናገራለሁ። ማሳ ጠባቂነቱ ራሱ ሙሉ ውሸት አይደለም፤ በበቆሎ ወቅት ከርከሮንና ዝንጀሮን የሚመልስ ሌላ ዘብ ድሃ ገበሬ የለውም።

ከተማ ያሉ ሰዎች ይህን ውሻ «እንመዝግበውና ዝርያ እናውጣለት» ሲሉኝ ባሴንጂን አስታውሳለሁ። ከኮንጎና ከደቡብ ሱዳን ጫካ የመጣ የአፍሪካ አዳኝ ነው፤ ዝም ብሎ ስለሚያድን አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል። በ1895 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ገብተው ለትርኢት የቀረቡት ብዙም ሳይቆዩ በዲስቴምፐር አለቁ። በ1937 ሲሳካ ግን ዘሩ በጣት ከሚቆጠሩ መሥራቾች ተስፋፋ፣ መዝገቡም ተዘጋ። ዘሩ ውስጥ ኩላሊትን የሚያበላሸው የፋንኮኒ በሽታ ተንሰራፋ። በመጨረሻም የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1990 መዝገቡን ዳግም ከፍቶ ከአፍሪካ ጫካ አዲስ ደም እንዲገባ ፈቀደ። የእኛ ውሻ እስካሁን መዝገብ አልባ መሆኑ እድሉ ነው እላለሁ።

አሳሳቢው ነገር ጤናው ነው፤ በሽታው ከእሱ አልፎ ወደ ባለቤቱ ስለሚሄድ። ፍየል ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት «የውሻ ድርሻ» ተብሎ ይወረወራል። በዚያ ውስጥ ያለው እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በኩስ ወጥቶ በሕፃናት እጅ ይገባል፤ ሰው ላይ እንደገና ውሃ የቋጠረ እባጭ ይሆናል። በታችኛው ኦሞ በኛንጋቶምና በሐመር ዘንድ የታወቀ ችግር ነው። ትሉ ስድስት ሳምንት ገደማ ሳይሞላው የትል መድኃኒቱን ፕራዚኳንቴል መስጠት ይቻላል፤ ማን ያገኛል? ስለዚህ «ሳንባውን ቅበሩት፣ ካልሆነ ቀቅሉት» እላለሁ። የቤተሰቡ እናት ከሰማች ይደረጋል፤ አባትየው ብቻ ከሰማ አይደረግም።

ከቴፒ ወዲያ፣ በጋምቤላ ጎግና አቦቦ ወረዳዎች፣ ጊኒ ወርም ውሾችንና ዝንጀሮዎችን ስለያዘ ውሾች ይታሰራሉ። ለአዳኝ ውሻ መታሰር ሥራ መፍታት ነው፤ ትክክል መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ብዙ አልልም። ክትባቱ አለ፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ብዙ ባልደረቦቼ የአገሩን ውሻ ያጠፋል ብለው የሚፈሩት ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ጀርመን ሸፐርድ ነው። እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ሴት ቡችላ መጣሉን። ሴቷ ስትወልድ ወንዶቹ ይቀራሉ፣ ሴቶቹ ዓይናቸው ሳይገለጥ በከረጢት ተይዘው ይሄዳሉ። «ወላድ ናት፣ ታስቸግራለች፣ ወንድ ታስከትላለች» ይባላል። የአዛውንቱ «ሞኝ አይወለድበትም» የሚለው ስሌት ግማሹ ከዚህ ጋር ይጠፋል፤ ከጎበዟ አዳኝ እናት የሚቀር ሴት ልጅ ከሌለ፣ የእሷ አፍንጫ ከእሷ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ በክትባት ዘመቻ ቀን ሴት ውሻ ይዞ የመጣን ከወረፋው አስቀድማለሁ። ወንዶቹን ይዘው ከጠዋት የቆሙት ያጉረመርማሉ። አንዱ «ዶክተር፣ ሴቷን ከጎረቤት ተውሼ ልምጣ?» ብሎኛል። ና አልኩት።