በዓሣ ኩሬ ውስጥ ቀንድ አውጣን የመከላከልና የመቆጣጠር ዘዴ



በዓሣ ኩሬ ዳር ቀንድ አውጣ በዝቶ ሲታይ ብዙዎች ቶሎ የሚያስቡት እንዶድ ወቅጦ ውኃው ውስጥ መጨመርን ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣን መግደሉ እውነት ነው። ይህንንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው በምርምር አረጋግጠዋል። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ዓሣ ባለበት ኩሬም ሆነ ውኃው ወደ ወንዝ በሚፈስበት ቦታ አትጠቀሙበት።

ቀንድ አውጣ ለምን ያሳስበናል?

ጥቂት ቀንድ አውጣ ዓሣውን አይጎዳም። ሲበዛ ግን ለዓሣው የተሰጠውን መኖ ይሻማል። ከዚህ የከፋው አንዳንዱ ዝርያ በሰው ላይ ቢልሃርዝያን፣ በበግና በከብት ላይ የጉበት ትልን ማስተላለፉ ነው። የቢልሃርዝያ ትል እጭ ከቀንድ አውጣው ወደ ውኃው ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባል። የጉበት ትል እጭ ደግሞ በኩሬ ዳር ሣር ላይ ተጣብቆ ከብቱ ሲግጥ ወደ ሆዱ ይገባል።

እንዴት ይገባል? ለምንስ ይበዛል?

እንቁላሉ የሚያዝለገልግ ስለሆነ በውኃ ተክል፣ በመረብና በባልዲ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። በሽታ አስተላላፊዎቹ ዝርያዎች ወንድና ሴት ሳይሉ ብቻቸውን መራባት ስለሚችሉ አንድ ቀንድ አውጣ መግባቱ ይበቃል። የሚበዛው ግን ምግብና መጠለያ ሲያገኝ ነው። የተረፈ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ የበሰበሰ ቅጠልና በዳር የበቀለ አረም ይመቹታል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው በድንገት ከበዛ መጀመሪያ የመኖ አሰጣጣችሁን መርምሩ።

ዓሣ ባለበት ኩሬ ምን እናድርግ?

1. መኖውን ከፋፍላችሁ በአንድ ቦታ ስጡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ካላለቀ በሚቀጥለው ጊዜ ቀንሱ።

2. በኩሬው ውስጥና በዳሩ ያለውን አረም በየጊዜው አጽዱ። ያጨዳችሁትን ሣር እርጥቡን ለከብት አትስጡ።

3. ማታ የጎመን ቅጠል በድንጋይ አስራችሁ በኩሬው ዳር አስጥሙ። በማግስቱ ጠዋት ከተሰበሰበበት ቀንድ አውጣ ጋር አውጡትና ከውኃ ርቃችሁ ጨፍልቃችሁ ቅበሩ። ቁጥሩ እስኪቀንስ በተከታታይ ቀናት ድገሙት።

4. በውኃ መግቢያው ላይ ጠባብ ወንፊት አድርጉ። ወንፊቱ ትልልቁን ቢይዝም እንቁላሉን ሁሉ ስለማይዝ ሌላውን ሥራ አይተካም።

5. የዓሣ ጫጩት ስታስገቡ ዓሣውን ብቻ በመረብ አንሱ፤ የመጣበትን ውኃ ኩሬው ውስጥ አትድፉ። መረብና ባልዲን ከሌላ ኩሬ አምጥታችሁ ከመጠቀማችሁ በፊት በፀሐይ በደንብ አድርቁ።

ዓሣው ከተሰበሰበ በኋላ

ዋናው የማጥፊያ ጊዜ ይህ ነው። ኩሬውን አጠንፍፉ፤ ደለሉንና አረሙን አውጡ። አንዳንድ ቀንድ አውጣ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ድርቀትን ስለሚቋቋም ማድረቁ ብቻውን አይበቃም። ወለሉ ገና እርጥብ ሳለ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም የተቃጠለ ኖራ፣ ማለትም ውኃ ሲነካው የሚፈላውን፣ በወለሉና በዳሩ እኩል በትኑ። ኖራው ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንትና ቦቲ አድርጉ፣ ከነፋሱ አቅጣጫ ጀርባ ሰጥታችሁ በትኑ። ከዚያም ኩሬው እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ። ውኃ ከሞላችሁ በኋላ ጫጩት ለማስገባት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ራሳችሁንና ቤተሰባችሁን ጠብቁ

ኩሬ ውስጥ ስትሠሩ ቦቲና ጓንት አድርጉ። የቢልሃርዝያ እጭ በብዛት የሚወጣው ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ሲበረታ ስለሆነ ሥራውን በማለዳ ጨርሱ። ልጆች በኩሬው እንዳይዋኙ ከልክሉ። የሰው ዓይነ ምድርና ሽንት ውኃው ውስጥ ካልገባ ቀንድ አውጣው ቢልሃርዝያን አይዝም፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ ከኩሬው ይራቅ፣ ፍሳሹም ወደ ኩሬው አይምጣ። ሰገራው ወይም ሽንቱ ደም የተቀላቀለበት ሰው ካለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በሽታው በመድኃኒት ይድናል።

የእናንተን ኩሬ አይቶ ጎረቤትም ይቆፍራል። ጫጩት ወይም መረብ ስታካፍሉት ቀንድ አውጣውንም አብራችሁ እንዳታካፍሉት፣ ከላይ ያለውን ቅደም ተከተል አብራችሁ አሳዩት።